መምሬ ጉለሌ የመጡበት ክረምት

በረኪና ሲሸተኝ ንዴት ይመጣብኛል። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ልጅ የሱቅ ደጃፍ በበረኪና ታጥብ ነበር። ውሃው በጫማዬ ሥር አልፎ ወደ ቦዩ ሲወርድ ሽታው አናቴ ላይ ወጣ። የመጣው ታክሲ ሞልቶ ሄደ፣ ሁለተኛውም ሄደ። እኔ ሰልፉን ትቼ በእግሬ ቁልቁል ወደ ድሮው ቤት ወረድኩ።

ቤቱ አለ። በሩ ያኔ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ግራጫ ተቀብቷል። ፊት ለፊት የነበረው ወፍጮ ቤት የሞባይል ጥገና ሆኗል። ግቢው ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሬዲዮ ይጮሃል፤ እንደማንኛውም የሰው ቤት። አላንኳኳሁም። ምን ብዬ ላንኳኳ? እዚህ ተደብቀን ነበር ልበል? ጥቂት ቆሜ አየሁትና ተመለስኩ። ንዴቱ ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ፤ ለመጻፍ የተቀመጥኩትም ለዚያ ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ጋር ጉለሌ የገባነው ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ ነው። የመጣነው በጎጃም መንገድ በኩል፣ ከአስፋልቱ ከወረዱ በኋላ ግማሽ ቀን በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። የቀበሌውን ስም አልጽፍም። ስሙን ብጽፍ "እዚያ ብቻ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያለው" የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያንን ማምለጫ ለማንም መስጠት አልፈልግም።

አባቴ እናቴን ይመታት ነበር። ይህን በአጭሩ የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ስለ እሱ የምለውን ለብዙ ሰው ብዬ ጨርሻለሁ። አሁንም ድረስ እንቅልፍ የሚነሳኝ ዙሪያውን የነበረው ሰው ነው፤ አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም፣ ሁሉም ጨዋ ነበሩ።

እማ ጎኗ የተሰበረ ጊዜ መጀመሪያ ቀበሌ ሄደች። ሊቀመንበሩ የአባቴ አጎት ጋሽ ደምሴ ነበር። ወረቀት አወጣና "ጉዳዩ በሽማግሌ ይታይ" ብሎ ጽፎ ማኅተም መታበት። ወረቀቱን ይዛ ፖሊስ ዘንድ ሄደች፤ የሐኪም ማስረጃ አምጪ አሏት። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ማስረጃ የምንሰጠው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቀን ነው አሏት። ተመልሳ ፖሊስ ሄደች፤ ሽማግሌ ይየው ተብሎ የለም እንዴ አሏት። የሴቶች ጉዳይ የሚባል አንድ ክፍልም ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዲት ሴት። ሴትዮዋ አዝና ሰማቻት፣ አብራት አለቀሰች። ግን መኪና የላትም፣ አንድ ሌሊት የምታሳድርበት ክፍል የላትም፣ ያላት ሥልጣን ለቀበሌው ሊቀመንበር ደብዳቤ መጻፍ ነው። ለማን? ለጋሽ ደምሴ!

ይህን ሁሉ መንገድ የእማን ነጠላ ጫፍ ይዤ አብሬያት ዞሬያለሁ። ያኔ የመሰለኝ የጠፋባትን ዕቃ የምትፈልግ ነው። በየቢሮው ገብታ ትጠይቃለች፣ እዚህ የለም ይሏታል፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ማታ ማታ "ምንድን ነው የጠፋብሽ?" እያልኩ እጠይቃት ነበር፤ እሷም ፀጉሬን ትዳብሰኛለች።

በመጨረሻ የረዳችን የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ናት፤ ለክትባትና ለመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ቤት ለቤት የምትዞር፣ ገና ወጣት። የድሮ የክትባት ካርዴን አስመጥታ ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ጻፈች። "አዲሱ ገበያ ስትደርሱ ውረዱና ደውሉ፣ ሰው መጥቶ ይወስዳችኋል" አለች። ካርዱን ለምን እንደመረጠች አሁን ነው የሚገባኝ፤ በቤታችን አባቴ ገልጦ የማያየው ወረቀት ቢኖር እሱ ብቻ ነበር። ወረዳ ሙሉ ቢሮ ያልሠራውን ሥራ አንዲት ልጅ በአንድ እስክሪብቶ ሠራች። በእግሯ፣ በጭቃ ጫማዋ!

አዲሱ ገበያ ወርደን ደወልን። ጃንጥላ ይዛ የመጣችው ሲስተር ብርቱካን ነበረች፤ ድሮ ነርስ የነበረች፣ ጴንጤ፣ ስትራመድ መሬቱን የምትቀጣው የሚመስል ወፍራም ሴት። እማን አቀፈቻትና "ጌታ ይመስገን፣ ደረሳችሁ" አለች። ከዚያ በአረንጓዴው በር አስገባችንና በሩን ከኋላችን ቆለፈችው።

የመቆለፊያውን ድምፅ ስሰማ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ መሰለኝ፤ ታሰርን። አጥሩ ረጅም ነው፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተተክሎበታል። በር ላይ ጋሽ ወንድሙ የሚባል ዘበኛ ዱላ ይዞ ይቀመጣል። ውስጥ ሰባት ሴቶች አሉ፤ አንዳቸውም አይወጡም፣ ሰው አይጠይቃቸውም፣ ስልክ ሲያወሩ እንኳ የት እንዳሉ አይናገሩም። እስር ቤት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? እማ ምን ብታጠፋ ነው እያልኩ ሳምንት ሙሉ አሰብኩ። በመጨረሻ የደረስኩበት፣ ለመንግሥት ሳታስፈቅድ ከቤቷ በመውጣቷ ነው የሚል ነበር። ልጅ ነበርኩና ተሳሳትኩ እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያን ያህል አልተሳሳትኩም። መቺው አገር ቤት ጠላውን እየጠጣ፣ ተመቺዋ ጠርሙስ የተተከለበት አጥር ውስጥ! ይህን የማያናድደው ሰው ካለ ምን እንደሚያናድደው ይንገረኝ።

በኋላ ኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ክፍል አየሁና እስር ቤት ነው የሚለውን ትቼ ሆስፒታል ነው አልኩ። ሴቶቹ ተራ በተራ ይገቡባታል፣ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፣ ሲወጡ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ካርቶን አለ። የዓይን ሐኪም ቤት መሆኑ ነው እንግዲህ። እማ ከዚያ በወጣች ቁጥር "አሁን ይሻላል? ይታይሻል?" እያልኩ ጣቴን ፊቷ ላይ አወዛውዛለሁ። አንድ ቀን "ደህና እያየሁ ነው፣ በፊት ነበር የማይታየኝ" አለችኝና ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ ከፊት አንዱ የለም።

ጠዋት ጠዋት ግቢው በበረኪና ይታጠባል። ሲስተር ብርቱካን ለበሽታ አንድ ወለል አትተውም ነበር። ሥራው በተራ ነው፣ የእማ ተራ ሲደርስ እኔ ባልዲ እይዝላታለሁ። ዝናቡ ግን ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሁሉንም መልሶ ያጨቀየዋል። የእንጦጦ ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። በአጥሩ ስንጥቅ በኩል፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ጀርባቸው ላይ ጭነው ከእንጦጦ የሚወርዱ ሴቶች ይታዩኛል፤ አዲስ አበባም እንጨት ተሸካሚ አለ ማለት ነው ብዬ ትንሽ አዘንኩ፣ ትንሽም ደስ አለኝ፣ አገሬን መሰለኝ።

ሲስተር ለእኔ አንድ የቤት ሥራ ሰጥታኝ ነበር። ማንም ሰው የት ነሽ፣ የት ትኖሪያለሽ ቢለኝ መልሱ "አክስቴ ጋ ነኝ" ነው። አስጠናችኝ። ባለሱቅ ሆና ትጠይቀኛለች፣ ጎረቤት ሆና ትጠይቀኛለች፣ ድምፅዋን አወፍራ ፖሊስ ሆና ትጠይቀኛለች።

"የት ነው ቤትሽ?"

"አክስቴ ጋ ነኝ።"

"አክስትሽ ማን ትባላለች?"

"አክስቴ ጋ ነኝ።"

"ጎበዝ! በቃ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አትጨምሪ።"

ለባለሱቁ ብያለሁ፣ ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬም ብያለሁ። አንደበቴ አልተያዘም። ሲስተር ያላስጠናችኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጴንጤ ስለሆነች አልታሰባትም፤ እኛም አልነገርናትም፤ ለእኛ ደግሞ ከመልመዳችን የተነሳ የሚነገር ነገር አልመሰለንም።

መምሬ ጥላሁን የቤታችን የነፍስ አባት ነበሩ። አባቴም እማም ኃጢአታቸውን የሚናዘዙት ለእሳቸው ነው፣ ቀኖና የሚሰጡት እሳቸው፣ ቤታችንን ጠበል የሚረጩት እሳቸው፣ እኔን ያጠመቁኝም እሳቸው። በዚህ ጽሑፍ መምሬን አንቱ አልልም ብዬ ጀምሬ ነበር። ሁለቴ "መምሬ መጣ" ብዬ ጻፍኩ፣ ሁለቴ ሰረዝኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንግዲህ አንቱ እያልኩ እናደዳለሁ።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ እትዬ ፋናዬ ዘንቢል ያዢልኝ ብላ አዲሱ ገበያ ይዛኝ ወጣች። ዝናቡ ለጥቂት ጋብ ብሏል። ረዳቶቹ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ይላሉ፣ የአገር ቤት አውቶቡሶች ጣሪያቸው ላይ በግና ፍራሽ ጭነው ያናፋሉ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። እትዬ ፋናዬ ከሽንኩርት ነጋዴዋ ጋር ክርክር ገጥማ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እኔ የፕላስቲክ ጫማ መደብ አጠገብ ቆሜ ሮዙን ጫማ አያለሁ።

ቀና ስል መምሬ ፊቴ ቆመዋል። ነጭ ጥምጣማቸው፣ ጭራቸው፣ በብብታቸው ለቤተ ክርስቲያን የገዙት አዲስ የጥልፍ ጃንጥላ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ሰው እንዲህ ናፍቆኝ አያውቅም። ሮጥኩ። መስቀላቸውን አወጡ፣ ግንባሬን ነኩኝ፣ ከንፈሬን ነኩኝ፣ ተሳለምኩ።

"ትርንጎ! እግዚአብሔር ያሳድግሽ! አደግሽ እኮ። እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት አባ።"

"ወዴት ናችሁ? አገር ሁሉ ሲጨነቅ ከረመ።"

አክስቴ ጋ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ከንፈሬ ላይ ግን ገና የመስቀሉ ቅዝቃዜ አለ። መስቀል ተሳልሞ የሚዋሽ ሰው ምላሱ ይጠቁራል ብለው ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ለባለሱቅ ይዋሻል፣ ለፖሊስም ይዋሽ ይሆናል፣ ለነፍስ አባት እንዴት ይዋሻል?

"ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነን። አረንጓዴ በር ያለው።"

"የማን ቤት ነው?"

"የሲስተር።"

"ከአስፋልቱ ወዲህ ነው ወዲያ?"

በጣቴ አሳየኋቸው። እንዲያውም ልውሰድዎት አልኳቸው። አይ፣ ዛሬ መኪና ያመልጠኛል አሉ፤ ከኪሳቸው ብስኩት አውጥተው ሰጡኝና ሄዱ።

አንድ ነገር ደብቄ ንዴቴን ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። አባቴ ናፍቆኝ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሻግረኝ ነበር። ለመምሬ ስነግራቸው አንዱ ልቤ፣ እንግዲህ ይመጣና ይወስደናል ብሎ ነበር። ሰው የሚፈራውን ሰው ሊናፍቅ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም፤ ዓይን የሚያክሙባት ክፍል ውስጥ እኔን የሚያስገባኝ አልነበረም። ብስኩቱን ለብቻዬ በላሁትና ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ለማንም እንዳይከፈት አዝዛለች፤ ጋሽ ወንድሙም የቀበሌ ሰው ሳይቀር በቀዳዳ አነጋግሮ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ያን ቀን በቀዳዳው ሲያይ ግን ቄስ መስቀል ይዘው ቆመዋል። ምን ያድርግ? ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ፣ ቆቡን አወለቀ፣ በሩን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። ከመምሬ ኋላ ጋሽ ደምሴ ገባ። ከጋሽ ደምሴ ኋላ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አባቴ ገባ።

ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የበደለ ሰው በሽማግሌ ታጅቦ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ከቆመ ነገሩ አልቋል። ነፍስ የጠፋበት ደም እንኳ እንዲያ ሲደርቅ ሰምቻለሁ። ድንጋይ የሚመልስ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ስለዚህ ወደ አገራችን ልንሄድ ነው አልኩ በልቤ። ድንጋዩን ያገኘው ደግሞ ከየት መሰላችሁ? ያን ክረምት መንገዳችን ላይ ኮብልስቶን እየተነጠፈ ነበር፤ ከበራችን ማዶ ከተከመረው አንዱን አንስቶ ነው። ከአገሩ ተሸክሞ መምጣቱ ቀርቶ ከአውቶቡሱ እስከ ደጃችን እንኳ አልተሸከመውም። ለስምንት ዓመት ዱላ የሃያ እርምጃ ድንጋይ!

ሲስተር ብርቱካን እጇ ላይ አረፋ እንዳለ ከልብስ ማጠቢያው ወጣች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"አባቴ፣ አከብርዎታለሁ። እዚህ ግቢ ግን ወንድ አይገባም። እባክዎ ይውጡልኝ።"

"ልጄ፣ እኛ ጠብ ፈልገን አልመጣንም። እርቅ ይዘን ነው።"

"እርቁን ፍርድ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ጋሽ ወንድሙ፣ ፖሊስ ጥራ!"

ፖሊሱ መጣ፤ ማዕዘኑ ላይ የሚቆም ልጅ እግር ነበር። ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ምን ይመስላችኋል? መስቀል ተሳለመ። ከዚያ ጋሽ ደምሴን በአክብሮት ጨብጦ፣ ድንጋዩን አየና "ሽምግልና ከሆነማ ምን ችግር አለው? ይነጋገሩ" አለ። በየበሩ የቆሙት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ። የሁለት ሳምንት ልጇን የታቀፈችው አራስ ወደ ጓዳ ሸሸች። ሰውን የሚያስገባ መስቀል፣ ሕግን የሚያስጎነብስ ድንጋይ! ሃይማኖቴን አይደለም የምከሰው፤ ዛሬም እሳለማለሁ። ግን በዚያች ሰዓት እነዚያን ሰባት ሴቶች ከልሎ የሚቆም ነገር አንዲት የጴንጤ ነርስ ከነአረፋዋ ብቻ ነበረች።

እማ ወጣች። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታለች። ወደ መምሬ ሄዳ ተሳለመች። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

"ጥሩወርቅ፣ ልጄ፣ ባልሽ ይኸው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅሽ ቆመ። ጥፋቱን አምኗል። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይው።"

እማ አባቴን አየችው። ከዚያ ጠጋ አለች፣ በሁለት እጇ ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሳችና መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች።

"እሰይ!" አለ ጋሽ ደምሴ። "እሰይ! የጨዋ ልጅ! በይ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ የሰባት ሰዓቱ መኪና ይደርስልናል።"

"አልሄድም።"

"ምን?"

"ይቅር አልኩት። እመለሳለሁ አላልኩም።"

እንዲህ ያለ ነገር የሚሆን አይመስላቸውም ነበር። ጋሽ ደምሴ አፉ እንደተከፈተ ቀረ፤ ድንጋዩን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ድንጋዩን አየ። እኔም አይቼ አላውቅም። ድንጋዩ ከወረደ ሁሉም ነገር አብሮ ይወርዳል ብለን ነበር ያደግነው።

"ይቅርታ ካልሽ ቤትሽ መግባት ነው እንጂ" አሉ መምሬ፣ ድምፃቸውን ጠንከር አድርገው። "ተለያይቶ ምን ይቅርታ አለ?"

"አባቴ፣ ጎኔን የሰበረኝ ጊዜ መጀመሪያ የነገርኩት ለማን ነበር?"

"የንስሐ ነገር በአደባባይ አይወራም!"

"የእርስዎን ምስጢር አይደለም የማወራው። የራሴን ነው። ባሌን ለቁጣ አነሳሳሁት ብዬ ተናዘዝኩ፤ እርስዎ መቶ መቶ ስገጂ አሉኝ። በተሰበረ ጎኔ ሰገድኩ። እሱስ ምን ቀኖና ተሰጠው?"

ያንን ስግደት እኔ አውቀዋለሁ። ማለዳ ማለዳ እማ ወለሉ ላይ ስትወድቅና ስትነሳ፣ ጎኗን ይዛ ስታቃስት፣ እኔ ከመኝታዬ ሆኜ እቆጥር ነበር። ቁጥር የተማርኩት በዚያ ነው ብል ማጋነን አይደለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን ለምን እንደምትሰግድ አላውቅም ነበር፤ እኔ ወተት ስለደፋሁ ነው ብዬ አምን ነበር።

"እምቢ ካልሽ እገዝትሻለሁ" አሉ መምሬ መስቀሉን አንስተው።

እማ ግዝት ትፈራለች፤ ከዱላው ይልቅ ትፈራዋለች። ሲስተር ልትናገር አፏን ስትከፍት እማ በእጇ ከለከለቻት።

"እርስዎ ያውቃሉ አባቴ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ የነፍስ አባት እይዛለሁ። ያሰናብቱኝ።"

ከመንገዱ ማዶ የወፍጮው ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ወንድሙ ቆቡን በእጁ እንደያዘ በሩ ጋ ሄዶ ወለል አድርጎ ከፈተውና "አባቴ፣ በሩ ይኸው" አለ። አንገቱን እንደደፋ ነው ያለው፣ ግን አለ። ፖሊሱም ያኔ ነው ፖሊስ መሆኑ ትዝ ያለው፤ "በሉ እንግዲህ፣ አልፈልግም ብላለች" አለ።

ወጡ። አባቴ ማጅራቱን እያሻሸ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ራሴን ዳበሰኝ። ሁሉም ሴቶች እየሰሙ፣ በዚያ ወንዝ በሚያሻግረኝ ድምፁ፣ "ጎበዝ ልጄ። አንቺ ለመምሬ ባትነግሪያቸው የት እናገኛችሁ ነበር?" አለኝ።

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ቢናገሩ ይሻል ነበር። ሲስተር ብርቱካን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና "በሉ፣ ዕቃ ሰብስቡ" አለች። ቤቱ ታውቋል። ዛሬ የትርንጎ አባት ከመጣ ነገ የሌላዋ ባል ይመጣል፤ መምሬ ለአንድ ሰው ይናገራሉ፣ ያ ሰው ለሌላው። ሰባት ሴቶች እኔ ባወራሁት ወሬ በዚያኑ ቀን ከሰዓት መልቀቅ ነበረባቸው። አይሱዙ መጣ። ዝናቡ ጀመረ። ፍራሾቹ በሸራ ተሸፍነው ሲጫኑ፣ አራሷ ልጇን ሆዷ ላይ ቋጥራ ከኋላ ለመውጣት ስትታገል አየኋት። ወዴት እንደምንሄድ ሲስተር ለማንም አልተናገረችም፤ በተለይ እኔ ባለሁበት።

ከውሃው ሮቶ ጀርባ ገብቼ ተቀመጥኩ። ጭቃው ቀሚሴን አርሶታል። እማ ፈልጋ አገኘችኝ። ከፊቴ ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።"

"ሰማሁ።"

"መስቀል ተሳልሜ ነበር። እንዴት ልዋሽ?"

"አይዋሽም። እንዴት ትዋሺ።"

"ሴቶቹ በእኔ ምክንያት..."

"በአንቺ አይደለም።" ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ንዴት ፊቷ ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እናቴ የምትናደድ ሰው መሆኗን አላውቅም ነበር። "ስሚኝ ትርንጎ። እኔ ለመምሬ ስምንት ዓመት ሙሉ ነገርኳቸው። ጥርሴን ነገርኳቸው፣ ጎኔን ነገርኳቸው፣ ሆዴ ውስጥ ስለቀረው ልጅ ነገርኳቸው። ከእሳቸው ቤት እኛ ቤት አንድ ዳገት ነው። አንድም ቀን ወርደው አላዩኝም። አንቺ ቅዳሜ ነገርሻቸው፣ ረቡዕ አዲስ አበባ ደረሱ።"